ኤረሩ ምን ይላል?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይጀምርና ከንግግሩ ሥር ዝቅ ይላል)

ዛሬ ወረቀትና እስክሪብቶ ብትይዙ ደግ ነው። ሬዲዮ ስክሪን የለውም፤ ትእዛዞቹን ፊደል በፊደል እየቆጠርኩ ነው የምነግራችሁ። መኪና የምትነዱ ግን መሪያችሁን ያዙ፤ ዋናው ቁም ነገር በጆሮ የሚያዝ ነው።

በ2017 ዓ.ም. የካቲት ላይ የእህቴ ልጅ ደወለልኝ። ፕሮግራሚንግ ልማር ብሎ ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዝቶ፣ ዊንዶውሱን አጥፍቶ ኡቡንቱ ጭኖበት ነበር። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር አልሆነም። ፓይተን ልጫን ብል እንቢ፣ ኮድ መጻፊያውን ብል እንቢ። ፎርማት ላደርገው ነው» አለኝ። «ምን አለህ?» ስለው «ኤረር አለኝ» ይላል። «ምን ብሎ?» ስለው ደግሞ «እኔ እንጃ፣ ብዙ ነው፤ በእንግሊዝኛ ነው» ብሎ እርፍ።

ልጁ ሰነፍ አይደለም። እንግሊዝኛም አያንሰውም። ግን ኤረር ሲያይ ዓይኑ ይጨፈናል። እኔም ስጀምር እንደዚያው ነበርኩ። ኮምፒዩተር ሲቆጣ በልጅነታችን የአባታችንን ቁጣ እንደምንሰማው ነው የምንሰማው፤ ቃሉ አይገባንም፣ ድምፁን ብቻ ሰምተን እንሮጣለን። ስለዚህ ዛሬ ስለ መጫን ከማወራው ይልቅ ስለ ኤረር የማወራው ይበዛል። መጫኑማ ሲሳካ ሁለት መስመር ነው።

ኡቡንቱን የማታውቁ ካላችሁ በአጭሩ ላስተዋውቃችሁ። እንደ ዊንዶውስ ሁሉ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው፤ ግን በነፃ የሚሰጥና ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ። ልቡ ሊኑክስ ይባላል፤ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የጀመረው ነው። በዚያ ልብ ዙሪያ ኢያን መርዶክ በ1993 ዴቢያን የሚባለውን ስብስብ መሠረተ። ስሙን ያወጣው የፍቅረኛውን የዴብራንና የራሱን ስም ገጣጥሞ ነው። ኡቡንቱ የዚህ የዴቢያን ልጅ ነው፤ የመጀመሪያው እትም በኦክቶበር 2004 ወጣ። ያወጣውም ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልዎርዝ ያቋቋመው ካኖኒካል የተባለ ድርጅት ነው። የመጀመሪያው እትም ቁጥር 4.10 ነበር፤ ዓመቱ 2004፣ ወሩ 10። እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው። 24.04 ማለት የ2024 ዓመት አራተኛ ወር ማለት ነው። የእትም ቁጥር ስታዩ ቀን እያያችሁ ነው።

ይህችን ቀን ያዟት፤ ትጠቅማችኋለች። በየሁለት ዓመቱ አፕሪል ላይ የሚወጣው፣ ማለትም 20.04፣ 22.04፣ 24.04 የሚባለው ተርታ፣ አምስት ዓመት ጥገና ይደረግለታል። በመሃል የሚወጡት የሚጠገኑት ዘጠኝ ወር ብቻ ነው። «አዲስ ወጣ» ሲባል እግራችሁ እንዳይቸኩል። ለሚማርና ለሚሠራ ሰው የአምስት ዓመቱ ይሻለዋል፤ ችግር ቢገጥማችሁ እንኳን ያው ችግር ሺህ ሰው ቀድሞ ገጥሞታል።

የ24.04 መጫኛ ፋይል ወደ 6 ጊጋባይት ይጠጋል፤ ስለዚህ 8 ጊጋ ፍላሽ ያዙ። ሁላችሁም ማውረድ የለባችሁም። አንዱ አውርዶ ለአሥር ሰው ቢያድል ሕጋዊ ነው፤ ሥርዓቱም የተሠራው ለዚያ ነው። ማሽናችሁ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 25 ጊጋባይት ባዶ ዲስክ ይፈልጋል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ሉቡንቱ ወይም ዙቡንቱ የሚባሉትን ቀለል ያሉ ወንድሞቹን ሞክሩ። ሲጫን «ኢሬዝ ዲስክ» የሚለውን ከመረጣችሁ የሰርጋችሁም ፎቶ አብሮ ይሄዳል፤ ቀድማችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። አሮጌ ዴስክቶፕ ብዙ ጊዜ ዋይፋይ የለውም። ስልካችሁን በቻርጀር ገመዱ ኮምፒዩተሩ ላይ ሰክታችሁ ስልኩ ላይ «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» የሚለውን አብሩ፤ ኡቡንቱ ሌላ ሳይጠይቅ ኢንተርኔት ያገኛል።

አሁን ወደ ተርሚናሉ። ኮንትሮል፣ ኦልት እና ቲን አብራችሁ ስትጫኑ ጠቆር ያለ መስኮት ይከፈታል። ፊልም ላይ የኮምፒዩተር ሰርጎ ገቦች የሚያንኳኩት ዓይነት ነው፤ አትፍሩት፣ ደብዳቤ መጻፊያ ነው። እናንተ አንድ መስመር ትጽፋላችሁ፣ እሱ ይመልሳል። ስትጽፉ ኪቦርዳችሁ በእንግሊዝኛ ላይ መሆኑን እዩ፤ በአማርኛ ላይ ትታችሁት ከሆነ የጻፋችሁትን ትእዛዝ አያውቀውም።

የመጀመሪያዋ ቃል ሱዶ ናት፦ ኤስ፣ ዩ፣ ዲ፣ ኦ። «እንደ ባለቤት ሆኜ ላዝዝ» እንደማለት ናት። ስትጽፏት የይለፍ ቃል ትጠይቃለች። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ይደነግጣል፤ የይለፍ ቃሉን ሲጽፍ ኮከብ የለ፣ ነጥብ የለ፣ ስክሪኑ ዝም። ኪቦርዱ አልተበላሸም። ከጀርባ የቆመ ሰው የፊደሉን ብዛት እንኳን እንዳይቆጥር ሆን ተብሎ የተደበቀ ነው። ጽፋችሁ ኢንተር በሉ። ሌላም ልብ በሉ፤ ለመቅዳት የለመዳችሁት ኮንትሮል ሲ ተርሚናል ውስጥ «አቁም» ማለት ነው። ለመቅዳት ሺፍትን ጨምሩበት።

ቀጥሎ አፕት አለ፦ ኤ፣ ፒ፣ ቲ። የኡቡንቱ ዕቃ ግዢ ክፍል በሉት። ሶፍትዌር ለመጫን ድረ ገጽ ለድረ ገጽ አትዞሩም፤ አፕት ከኡቡንቱ መጋዘን ያመጣላችኋል። በሉ ጻፉ፦ «ሱዶ አፕት አፕዴት»። ስሙ ያሳስታል፤ አፕዴት ምንም አያድስም። በመጋዘኑ ውስጥ ምን ምን እንዳለ፣ የትኛው እትም እንደገባ የሚገልጸውን ዝርዝር ብቻ ነው የሚያመጣው። የሚያድሰው «አፕግሬድ» ነው። አዲስ በተጫነ ኡቡንቱ ላይ አፕዴት ሳትሉ ብትጠይቁት «አንኤብል ቱ ሎኬት ፓኬጅ» ሊላችሁ ይችላል፤ ፓኬጁን አላገኘሁትም ማለቱ ነው። ፓኬጅ ሲል የስልኩን ዳታ ማለቱ አይደለም፣ ሶፍትዌሩ የታሰረበትን ጥቅል ነው። ሁለት ነገር ተመልከቱ፦ ዝርዝሩን አምጥታችኋል ወይ? ስሙን በትክክል ጽፋችኋል ወይ?

ከዚያ ለገንቢ የሚሆነውን ስንቅ በአንድ ጊዜ፦ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል» ብላችሁ በክፍት ቦታ እየለያችሁ «ቢልድ ሰረዝ ኢሴንሻል»፣ «ጊት»፣ «ፓይተን ሦስት ሰረዝ ቪ ኢ ኤን ቪ» ጻፉ። የመጀመሪያው ሲና ሲ ፕላስ ፕላስ የሚተረጉሙትን መሣሪያዎች ያመጣል፤ ሁለተኛው ምን እንደሚሠራ በሚቀጥለው ሳምንት፣ ሦስተኛው ምን እንደሚሠራ ደግሞ ኋላ እነግራችኋለሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ እህቴ ልጅ ልመልሳችሁ። ይህን ሁሉ አድርጓል። አፕት አፕዴት ሲል ነው የሚቆጣው። «ስልኩን አትዝጋ፤ በኢ ፊደልና በሁለት ነጥብ የሚጀምር መስመር ፈልግ» አልኩት። አፕት ሲናገር በደብሊው የጀመረ መስመር ማስጠንቀቂያ ነው፣ በኢ የጀመረ ደግሞ ዋናው ስህተት። ሌላው አጃቢ ነው። ፈልጎ አገኛት። «አንብባት» አልኩት። የመጋዘኑ ፋይል «ኖት ቫሊድ ዬት» ነው ይላል። ገና አልጸናም። ከዚያ ልጁ ድምፁን ቀነሰና «ጋሼ… ለመጽናት ገና ከሁለት ሺህ ቀን በላይ ይቀረዋል እኮ ነው የሚለው» አለኝ።

«ኮምፒዩተሩ ላይ ዛሬ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው ይላል?»

«2017።»

ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። እሱም ትንሽ ቆይቶ ገባው። እኛ 2017 ላይ ነበርን፤ መጋዘኑ ግን የሚኖረው በ2025 ነበር። ማሽኑን ሲያበራ ቀኑ የተሳሳተ ሆኖ አገኘው፤ እንደ ጨዋ ሰው ላስተካክል ብሎ ራሱ በሚያውቀው አቆጣጠር ሞላው። ኮምፒዩተሩ ደግሞ የሰጡትን ያምናል።

ይህ የአንድ ልጅ ቀልድ አይደለም፤ ምክንያቱን ማወቅ ያስፈልጋል። አፕት የሚያመጣው ዝርዝር በኡቡንቱ ሰዎች ዲጂታል ፊርማ የታተመ፣ ቀን የተጻፈበት ሰነድ ነው። መሃል ላይ አንድ ሰው ገብቶ የተመረዘ ሶፍትዌር እንዳያቀብላችሁ አፕት ፊርማውን ይመረምራል፣ ቀኑንም ያያል። ከነገ የመጣ ደብዳቤ ሲደርሰው «ይሄ ነገር ልክ አይደለም» ብሎ ይመልሰዋል። እናንተስ ብትሆኑ? ድረ ገጾች ላይም እንደዚያው ነው። ብራውዘራችሁ የሰርተፍኬቱን ቀን ያያል፤ ሰዓታችሁ ከዘገየ ጤነኛውን ገጽ ሁሉ አደገኛ ነው ይላችኋል።

በእኛ አገር ይህ ችግር በሦስት በር ይገባል። አንደኛው የዓመቱ ነው፤ አየነው። ሁለተኛው የሰዓቱ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ማሽኑን «3 ሰዓት» ብላችሁ ከሞላችሁት ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል፤ እሱ የሚጠብቀው 9 ነው። አፕት ያን ጊዜ የሚላችሁ «ጥቂት ሰዓት ይቀረዋል» ነው። ሦስተኛው ዊንዶውስንና ኡቡንቱን ጎን ለጎን በጫነ ማሽን ላይ የሚመጣው ነው። ዊንዶውስ የማዘርቦርዱን ሰዓት የአገር ቤት ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል፤ ኡቡንቱ ደግሞ የዓለም አቀፉ ነው ይላል። የኢትዮጵያ ሰዓት ከዓለም አቀፉ በሦስት ሰዓት ይቀድማልና፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በተሻገራችሁ ቁጥር ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ይዘላል። ሰው ቫይረስ ነው ይላል። ቫይረስ አይደለም፣ የሁለት ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች ክርክር ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ቀንና ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል አድርጉ፤ የሰዓት ቀጠናውን አዲስ አበባ በሉ። «ታይም ዴት ሲ ቲ ኤል» ብላችሁ አያይዛችሁ ብትጽፉ፣ ማለትም ታይም፣ ዴት፣ ሲ፣ ቲ፣ ኤል ያለ ክፍት ቦታ፣ የማሽኑን ሰዓት፣ የዓለም አቀፉን ሰዓትና የማሽኑ ሰዓት ከኢንተርኔቱ ጋር መናበብ አለመናበቡን ዘርዝሮ ያሳያችኋል። ሶኬት በተነቀለ ቁጥር ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ የሚሸሽ ከሆነ ግን ችግሩ ሶፍትዌር አይደለም። ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች፤ ሲ አር 2032 ትባላለች። 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ማለት ነው ቁጥሩ። እሷ ስትሞት ማሽኑ ከመብራት ጋር ትዝታውን ያጣል። የእህቴ ልጅ ኮምፒዩተርም የታመመው በእሷ ነበር። ኡቡንቱን አጥፍቶ ዊንዶውስ ቢመልስበት ኖሮ ሰዓቱ እንደተሳሳተ ይቆይ ነበር።

ሌላው የታወቀ ኤረር «ኩድ ኖት ጌት ሎክ» ነው። ቁልፉን ማግኘት አልቻልኩም። ብዙ ጊዜ ኮምፒዩተሩ በተከፈተ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነው የሚመጣው፤ ኡቡንቱ በጓዳ የደኅንነት ጥገናዎችን ለራሱ እየጫነ ስለሆነ ነው። መልእክቱን እስከ መጨረሻው ብታነቡት ቁልፉን የያዘውን ሥራ በስሙና በቁጥሩ ይነግራችኋል። ታዲያ በየመንደሩ የሚዞር ምክር አለ፤ «የቁልፉን ፋይል ደምስሰው፣ ይሠራልሃል» ይላል። የግቢውን መጸዳጃ ቤት በር ተቀርቅሮ ብታገኙት መቀርቀሪያውን ትሰብራላችሁ? ውስጥ ሰው አለ! ፋይሉን ስትደመስሱ ሁለት ሥራዎች አንድ መዝገብ ላይ በአንድ ጊዜ ይጽፋሉ፤ መዝገቡ ከተበላሸ ደግሞ ምን እንደተጫነና ምን እንዳልተጫነ ማሽኑ ራሱ አያውቅም። ቡና ጠጡና ተመለሱ። ሰዎች ይህን ምክር የሚሰጡት ለእነሱ ስለሠራላቸው ነው፤ በሩን ሲሰብሩ ውስጥ ሰው ያልነበረ ዕለት።

መብራትስ? እየጫናችሁ ሳለ መብራት ቢጠፋ? ዴስክቶፕ እንደ ላፕቶፕ መብራት ሲጠፋ የሚያቆየው ባትሪ የለውም፤ ስለዚህ ይህ የእኛ የየዕለት ጥያቄ ነው። ከአፕት በታች ሆኖ ዋናውን ጉልበት የሚሠራው ዲ ፒ ኬ ጂ የሚባል ፕሮግራም ነው። ሥራውን በሁለት ደረጃ ይሠራል፦ መጀመሪያ ጥቅሉን ፈትቶ ፋይሎቹን በየቦታቸው ያስቀምጣል፣ ቀጥሎ ያደላድላቸዋል። የትኛው ጥቅል የት ደረጃ ላይ እንዳለም በመዝገብ ይይዛል። ስለዚህ መብራት ሲመለስ ካቆመበት መቀጠል ይችላል። አፕትን ስትጠሩት እንዲህ ይላችኋል፦ ዲ ፒ ኬ ጂ ተቋርጦ ነበርና ይህን ትእዛዝ በእጃችሁ ስጡ። ትእዛዙንም እዚያው ጽፎታል! ሱዶ፣ ክፍት ቦታ፣ ዲ ፒ ኬ ጂ፣ ክፍት ቦታ፣ ሁለት ሰረዝና ኮንፊገር፣ ክፍት ቦታ፣ አንድ ሰረዝና ኤ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ከነአወሳሰዱ ጽፎ ሰጥቷችሁ እናንተ ማዘዣውን ሳታነቡ ጎረቤት ትጠይቃላችሁ።

ሰረዝ ካልኩ አይቀር፣ በስልክ መልእክት ስለምትለዋወጡት ትእዛዝ ላስጠንቅቃችሁ። አንዳንድ የመልእክት መተግበሪያዎች «ላሳምርልህ» ብለው ሁለቱን ሰረዝ አንድ ረጅም ሰረዝ ያደርጉታል፤ ቀጥ ያለውን የጥቅስ ምልክትም ያጎብጡታል። ለዓይን ያምራል፣ ተርሚናሉ ግን አያውቀውም። ጓደኛችሁ የላከላችሁ ትእዛዝ ለእሱ ሠርቶ ለእናንተ ካልሠራ፣ ከመጣላታችሁ በፊት ሰረዞቹን ራሳችሁ እንደገና ጻፏቸው።

ዳታ ለመቆጠብ ደግሞ ይህን እወቁ። አፕት እያወረደ ሳለ ኢንተርኔቱ ቢቋረጥ የወረደው አይጠፋም፤ ያንኑ ትእዛዝ ስትደግሙት ካቆመበት ይቀጥላል። የወረዱትን ጥቅሎች ለጓደኛ ለማካፈል ከፈለጋችሁ «አፕት» በማለት ፈንታ «አፕት ሰረዝ ጌት» ተጠቀሙ። አዲሱ አፕት ጭኖ ሲጨርስ ጥቅሉን ይጥለዋል፤ አሮጌው አፕት ጌት ግን ጓዳ ያስቀምጣል።

ከመጋዘኑ ውጪ የሚመጣ ሶፍትዌርም አለ። ብዙዎቻችሁ የምትወዱት ኮድ መጻፊያ፣ ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ፣ ከድረ ገጹ በዲ ኢ ቢ ፋይል ይወርዳል። ሶፍትዌር ደግሞ ብቻውን አይሄድም። ሙሽራ ስትጠሩ ሚዜዎቹን ጠርታችኋል። ፋይሉን በዲ ፒ ኬ ጂ ብትጭኑት ሙሽራውን ብቻ አስገብቶ «ሚዜዎቹ የሉም» ብሎ ይቆማል። በአፕት ኢንስቶል ጫኑት፤ ከፋይሉ ስም ፊት ግን ነጥብና ወደ ፊት ያዘመመ መስመር አስቀምጡ። ያን ጊዜ አፕት ፋይሉ እዚሁ ፎልደር ውስጥ እንዳለ ያውቃል፤ ሚዜዎቹንም ከመጋዘን ይጠራል። ቀድማችሁ ተሳስታችሁ ከሆነ «ሱዶ አፕት፣ ሁለት ሰረዝ ፊክስ ሰረዝ ብሮክን፣ ኢንስቶል» ይጠግነዋል። ሊያጠፋቸው የሚፈልጋቸውን ጥቅሎች ዝርዝር ካሳያችሁ ግን «ዋይ» ከመጫናችሁ በፊት አንብቡት።

አሁን ፓይተን። ይህኛው ላይ ቆም ልበል፤ የሚደወልልኝ ስልክ ሁሉ ከዚህ ነው።

በመጀመሪያ «ፓይተን» ብላችሁ ስትጽፉ «ኮማንድ ኖት ፋውንድ» ይላችኋል። አለ፤ ስሙ «ፓይተን ሦስት» ነው። ሁለተኛው ፓይተን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጡረታ ወጥቷል፤ ስሙ ግን ባዶ ቀርቷል። ኡቡንቱ ላይ ፓይተን ሦስት ከመጀመሪያውም ተጭኖ ነው የሚመጣው፤ ኡቡንቱ ራሱ ብዙ ሥራውን የሚሠራው በእሱ ስለሆነ። ስለዚህ ያ ፓይተን የእናንተ አይደለም። የአከራያችሁ ማድ ቤት ነው። ገብታችሁ ሻይ ብታፈሉበት ማንም አይናገራችሁም፤ ድስቱን አውጥታችሁ በራሳችሁ ድስት ብትቀይሩ ግን የቤቱ ምሳ ይቀራል። «አሮጌ ፓይተን ነው፣ አጥፍቼ አዲስ ልጫን» ብሎ ያጠፋ ሰው አውቃለሁ። ዴስክቶፑ አብሮ ሄደበት። ጥቁር ስክሪን ላይ ተቀምጦ ነው የደወለልኝ።

ከዚህ የተነሳ፣ ፒፕ በሚባለው የፓይተን ዕቃ አምጪ ላይብረሪ ልትጭኑ ስትሉ ኡቡንቱ ይከለክላችኋል። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ያሉት፣ ዴቢያን 12ም ሆነ ኡቡንቱ ከ23.04 ጀምሮ፣ «ኤክስተርናሊ ማኔጅድ ኢንቫይሮንመንት» ብለው ይመልሷችኋል። ይህ አካባቢ ባለቤት አለው፣ የሚያስተዳድረውም ሌላ ነው ማለታቸው ነው። ይህንንም በጉልበት የሚያልፍ ትእዛዝ አለ፤ ስሙ ራሱ «ብሬክ ሲስተም ፓኬጅስ» ነው። «ስብር አድርገው» ብሎ ስም የወጣለትን ነገር በሱዶ የሚያስኬድ ሰው ሲሰበርበት ማንን ሊከስ ነው?

ትክክለኛው መንገድ የራሳችሁን ማድ ቤት መሥራት ነው። ቅድም የጫናችኋት ቪ ኢ ኤን ቪ ለዚህ ናት። የሥራችሁ ፎልደር ውስጥ ገብታችሁ «ፓይተን ሦስት፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ ኤም፣ ክፍት ቦታ፣ ቪ ኢ ኤን ቪ፣ ክፍት ቦታ» ብላችሁ ለማድ ቤቱ ስም ስጡት፤ «ጓዳ» በሉት፣ በእንግሊዝኛ ፊደል። ቀጥሎ «ሶርስ» ብላችሁ፣ ክፍት ቦታ፣ «ጓዳ»፣ ያዘመመ መስመር፣ «ቢን»፣ ያዘመመ መስመር፣ «አክቲቬት»። ተርሚናሉ በመስመሩ መጀመሪያ ላይ በቅንፍ የጓዳውን ስም ካሳያችሁ ገብታችኋል። አሁን ፒፕ ያለ ሱዶ የፈለጋችሁትን ይጭናል። ነገሩ ቢበላሽ ያንን ፎልደር ማጥፋት ነው፤ ቤቱ አይነካም። በማግሥቱ ተርሚናል ስትከፍቱ እንደገና አክቲቬት ማለት አለባችሁ። «ትናንት የጫንኩት ላይብረሪ ጠፋ» የሚሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ ላይብረሪው አልጠፋባቸውም፤ ጓዳው ሳይገቡ ሳሎን ቆመው ነው የሚጣሩት።

ስለ ኤረር ንባብ አንዲት ዘዴ ልጨምር። በሲ የተጻፈ ነገር ስትተረጉሙ አንዲት ሴሚኮለን ብትረሱ አርባ መስመር ኤረር ሊዘንብ ይችላል። የመጀመሪያውን አስተካክሉና እንደገና አስኪዱ፤ ሌሎቹ ብዙውን ጊዜ የእሱ ልጆች ናቸው። ፓይተን ግን ተገላቢጦሽ ነው። ችግሩ የተጓዘበትን መንገድ ከላይ ወደ ታች ያወራና ቁም ነገሩን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ከታች ጀምራችሁ አንብቡ። የሽማግሌ ወግ ነው።

ሰው መጠየቅ ነውር አይደለም፤ እኔም እጠይቃለሁ። ስትጠይቁ ግን ሦስት ነገር ይዛችሁ ሂዱ፦ የጻፋችሁትን ትእዛዝ፣ የመለሰላችሁን ቃል በሙሉ፣ የኡቡንቱውን እትም። የደበዘዘ የስክሪን ፎቶ ሳይሆን ጽሑፉን ራሱን ቅዱት። የሚሰጣችሁ መልስ ሱዶ ካለበት ደግሞ ከማስኬዳችሁ በፊት «ማን» ብላችሁ የትእዛዙን ስም ጻፉ፤ ኤም፣ ኤ፣ ኤን። መመሪያው እዚያው ማሽናችሁ ውስጥ ነው፣ ዳታ አይጠይቅም። ለመውጣት ኪውን ተጫኑ። «አንድ ጥያቄ ልጠይቅ፣ ግን ደደብ እንዳትሉኝ» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ኤረሩን ለጥፉና በቀጥታ ጠይቁ።

የእህቴ ልጅ ባትሪዋን ቀየረ። ቀኑን ለማሽኑ ተወለት። አፕት አፕዴት አለ፣ ሄደለት፤ በዚያው ምሽት የመጀመሪያውን የፓይተን ፕሮግራም ጻፈ። ምን መሰላችሁ? የአውሮፓን ቀን ወደ ኢትዮጵያ የሚቀይር።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ጊት እናወራለን፤ ይህንንም ሊነስ ቶርቫልድስ ነው እ.ኤ.አ. በ2005 የጻፈው። እስከዚያ፣ ገና ያልጫናችሁት ካላችሁ፣ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ጊት» ብላችሁ ጭናችሁ ጠብቁኝ። እንቢ ካላችሁ ፎርማት አታድርጉ፤ ያላችሁን ቃል በቃል ጽፋችሁ ያዙና ኑ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)